ትርጉም በትርጉም ላይ፦ የግዕዙ መጽሐፍ በኩምራን ብራና ሲመዘን

«መጽሐፍ ቅዱስ ተበርዟል» የሚለው ክስ በአገራችን የሃይማኖት ክርክር ውስጥ ሳይነሣ የሚቀርበት ጊዜ የለም። በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ፣ በታክሲ ውስጥ፣ በስልክ በሚቀባበሉት የክርክር ቪዲዮ ሁሉ ይሰማል። ክሱ ሲዘረዘር እንዲህ ነው። መጽሐፉ በዕብራይስጥና በግሪክ ተጻፈ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ቋንቋ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ተገለበጠ፤ ዛሬ በእጃችን ያለው አማርኛ የትርጉም ትርጉም ነው፤ ስለዚህ ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲያልፍ እንደሚለወጥ ወሬ ዋናው ነገር መንገድ ላይ ቀርቷል። መልስ የሚሰጠውም ወገን ብዙ ጊዜ ባጭሩ ይዘጋዋል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንዲት ፊደል አልተነካችም ይላል።

ሁለቱም አባባል ከብራናዎቹ ጋር አይገጥምም። ብራናዎቹ ደግሞ አሉ፤ ይነበባሉ፣ ዕድሜያቸው ይመረመራል፣ እርስ በርሳቸው ይመሳከራሉ። መጽሐፉን የምንወድ ሰዎች ከጩኸቱ ወጣ ብለን እነርሱን ብንጠይቅ ከሁለቱም ወገን የተሻለ መልስ እናገኛለን ብዬ አምናለሁ። ጥያቄውን ለመፈተን ደግሞ ከኢትዮጵያ የበለጠ የሚመች አገር ያለ አይመስለኝም። ሁለት ጊዜ የተተረጎሙ፣ ከሺህ ዓመት በላይ በእጅ የተገለበጡ፣ ከዚያ በኋላ የጥንት ምንጫቸው ከመሬት ሥር ወጥቶ የተመዘኑ ሁለት መጻሕፍት አሉን፤ ሔኖክና ኩፋሌ።

የሔኖክ ፈተና

መጽሐፈ ሔኖክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራማይክ ቋንቋ ተጻፈ። ከአራማይክ ወደ ግሪክ፣ በአክሱም ዘመን ደግሞ ከግሪክ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። የይሁዳ መልእክት ስሙን ጠርቶ ይጠቅሰዋል፤ ቢሆንም በሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት እየተረሳ ሄዶ በመጨረሻ መጽሐፉ ራሱ ጠፋ። በሙሉ የተረፈው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በጎንደር ተቀምጦ ሲመለስ እ.ኤ.አ. በ1773 ሦስት የሔኖክ ቅጂዎችን ይዞ አውሮፓ ገባ። በ1821 የኦክስፎርዱ ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳተመው።

ያን ጊዜ አንድ የአውሮፓ ምሁር መጽሐፉን ለመጠራጠር በቂ ምክንያት ነበረው። የአራማይኩ ምንጭ የለም። ግሪኩም በጥቅስ ካልሆነ በቀር የለም። ያለው ግዕዙ ነው፤ የግዕዙም ቅጂዎች ከደራሲው ዘመን እጅግ የራቁ ናቸው። ዛሬ የምናውቃቸው የሔኖክ ጥንታዊ ቅጂዎች፣ ከጣና ገዳማትና ከሐይቅ እስጢፋኖስ የተገኙት ጭምር፣ ወደ 15ኛው መቶ ዘመን አካባቢ የሚጠጉ ናቸው። በመሆኑም መጽሐፉን ከክርስትና በኋላ ክርስቲያን የደረሰው ነው እስከማለት የደረሱ ነበሩ። «የትርጉም ትርጉም ስለሆነ አይታመንም» የሚለው ሙግት ከዚህ የበለጠ የሚመቸው መጽሐፍ አያገኝም።

ከዚያ መረጃው በየተራ መውጣት ጀመረ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በላይኛው ግብፅ፣ በአኽሚም፣ የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ሁለት ምዕራፎች አብዛኛውን የያዘ የግሪክ ቅጂ ከመቃብር ወጣ። በ1947 በሙት ባሕር ዳርቻ፣ በኩምራን፣ የዋሻዎቹ ጥቅልሎች መገኘት ጀመሩ፤ በ1952 ደግሞ አራተኛው ዋሻ ተከፈተ። በዚያ ዋሻ ከወጡት ቍርጥራጮች መካከል የአሥራ አንድ የሔኖክ ቅጂዎች ቅሪት ተለየ፤ ሁሉም በአራማይክ። ከነዚህ ጥንታዊዎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዘመንና ከዚያም ቀደም ብለው የተጻፉ ናቸው። ፖላንዳዊው ዮዜፍ ሚሊክ በ1976 አሳተማቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ማይክል ኒብ ከኤድዋርድ ኡሌንዶርፍ ጋር ሆኖ ግዕዙን በአራማይኩ እያመሳከረ አዲስ እትም አወጣ።

በአራማይኩ ቍራጭና በግዕዙ ቅጂ መካከል ወደ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት አለ። በመካከሉ ሁለት ትርጉምና ቍጥሩ የማይታወቅ የእጅ ግልበጣ አለ። ታዲያ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምን ታየ? ያው መጽሐፍ ሆኖ ተገኘ። የትጉሃን መላእክት ታሪክ፣ የሔኖክ ጉዞዎች፣ የሳምንታቱ ትንቢት፣ የነገሩ አካሄድ በዋናው አንድ ነው። ክርስቲያን ደርሶታል የሚለው ግምት ቢያንስ በእነዚህ ክፍሎች ላይ በአንድ ጊዜ ወደቀ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ደስታችን ከመረጃው እንዳይቀድም። የኩምራን ቍራጮች የተበጣጠሱ ናቸው። ሚሊክ የጎደለውን ቦታ ከግዕዙና ከግሪኩ እየተነሣ ወደ አራማይክ መልሶ ስለሞላው በኡሌንዶርፍና በኒብ ተተችቷል፤ ከግዕዙ የተሞላ አራማይክ ለግዕዙ ምስክር ሊሆን አይችልምና። የሚያስመሰክረው በቆዳው ላይ በእርግጥ የቀረው ፊደል ብቻ ነው። በቀረው ፊደል ላይ ብቻ ስንቆም ደግሞ ልዩነትም ይታያል። ስለ ፀሐይና ጨረቃ አካሄድ የሚናገረው ክፍል በአራማይኩ እጅግ ረጅም ነበር፤ በግዕዙ አጥሮና ተጠቃልሎ ደርሶናል። ስለ ሰው ልጅ የሚናገሩት ምሳሌዎች፣ ማለትም ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል፣ በኩምራን ምንም ቅሪት አልተገኘላቸውም። በግዕዝ ቅጂዎቹም መካከል ሁለት ወገን አለ፤ የቀደሙት ሻካራና አንዳንዴም አስቸጋሪ ንባብ ሲይዙ፣ በኋላ የተገለበጡት ደግሞ አንድ የተማረ እጅ ያለሳለሰውን ንባብ ይይዛሉ። ስለዚህ መጽሐፉ ጨርሶ አልተነካም የሚል ሰው ራሱ የሔኖክ ብራና ይሞግተዋል።

የኩፋሌ ምስክርነት ከዚህም ይጠነክራል። ኩፋሌ በዕብራይስጥ ተጻፈ፣ ወደ ግሪክ ተተረጎመ፣ ከግሪክ ወደ ግዕዝ ገባ። ግሪኩ ከጥቅሶች በቀር ጠፍቷል፤ የላቲኑ ትርጉም በከፊል ብቻ ተርፏል፤ ሙሉው በግዕዝ አለ። በኩምራን ከአሥራ ሁለት በላይ የሚሆኑ የዕብራይስጥ ቅጂዎች ቅሪት ተገኘ። አሜሪካዊው ጄምስ ቫንደርካም በ1977 ባሳተመው ጥናት ያኔ የታወቁትን ቍራጮች ከግዕዙ ጋር ቃል በቃል አስተያየ። የደረሰበት ድምዳሜ ግዕዙ ለዕብራይስጡ እጅግ የቀረበና የታመነ ነው የሚል ነበር። አሳጥሮ ወይም አስረዝሞ እንደ ልቡ የሚተርክ ተርጓሚ ሥራ አልነበረም። የአክሱሙ ተርጓሚ ስሙን አልተወልንም፤ ነገር ግን ከፊቱ ያለውን ቃል አክብሮ እንደሠራ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በኋላ ጠላትም ወዳጅም ሊመረምረው በሚችል መንገድ ተረጋገጠለት።

እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። አንድ መጽሐፍ ስንት ጊዜ ተተረጎመ የሚለው ቍጥር ብቻውን ስለ ታማኝነቱ ምንም አይነግረንም። ወሳኙ ጥያቄ የተርጓሚውንና የገልባጩን ሥራ መመርመሪያ አለን ወይ የሚለው ነው። ከጆሮ ወደ ጆሮ ያለፈ ወሬ የመጀመሪያው ተናጋሪ ከሞተ በኋላ መመርመሪያ የለውም። የተጻፈ መጽሐፍ ግን በየደረሰበት ቅጂ ጥሎ ያልፋል፤ በአክሱም የተገለበጠው በእስክንድርያ ያለውን፣ በሶርያ ያለው በአርመን ያለውን አያውቀውም። እነዚህ ሁሉ ተነጋግረው አንድ ዓይነት ስሕተት ሊሠሩ አይችሉም። የትርጉሙ ብዛት ለከሳሹ መከራከሪያ መስሎ ቢታየውም፣ ለመርማሪው ግን ራሳቸውን ችለው የቆሙ ምስክሮች መብዛት ነው።

የዋናው ጽሑፍ ሁኔታ

ስለ ሌሎቹ መጻሕፍትም በአጭሩ። የሐዲስ ኪዳን የግሪክ ቅጂዎች፣ ቍርጥራጩን ጨምሮ፣ ከአምስት ሺህ በላይ ናቸው። በማንቸስተር የሚገኘው ትንሹ የዮሐንስ ወንጌል ፓፒረስ አብዛኞቹ ምሁራን በ2ኛው መቶ ዘመን የሚያስቀምጡት ነው። ሙሉ ወይም ወደ ሙሉ የቀረቡት ታላላቅ ጥራዞች፣ የቫቲካኑና የሲና ተራራው፣ የ4ኛው መቶ ዘመን ናቸው። በብሉይ ኪዳን በኩል ኩምራን ከመገኘቱ በፊት ዋነኞቹ የዕብራይስጥ ጥራዞች ከክርስቶስ ልደት በኋላ የ10ኛውና የ11ኛው መቶ ዘመን ነበሩ። ከአንደኛው ዋሻ የወጣው ታላቁ የኢሳይያስ ጥቅል ከእነርሱ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ይቀድማል፤ ነገር ግን ስድሳ ስድስቱን ምዕራፎች የያዘ፣ ማንም አንባቢ ኢሳይያስ መሆኑን የማይስተው መጽሐፍ ነው። በሆሄያት አጻጻፍና በቃላት ልዩነት ሞልቷል፤ ከልዩነቶቹ ጥቂቶቹም ትርጉም የሚነኩ ናቸው።

የልዩነት ብዛት ሲነገር ሰው ይደነግጣል። የብዙዎቹን ምንነት ለማየት ግን ወደ ግሪክ መሄድ አያስፈልገንም፤ የግዕዝ ብራና ያነበበ ሰው ያውቀዋል። ሀ፣ ሐና ኀ በአነጋገር አንድ ስለሆኑ ቁም ጸሐፊው ያቀያይራቸዋል፤ ሠና ሰ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። የጸሐፊው ዓይን በአንድ መስመር ካለ ቃል ተነሥቶ በሚቀጥለው መስመር ወዳለው ተመሳሳይ ቃል ይዘልና በመካከል ያለው ሐረግ ይቀራል፤ ሌላው አንባቢ ይህን ሲያይ የጎደለውን በኅዳጉ ላይ ይጨምራል ወይም ብራናውን ፍቆ ያርማል። እነዚህ ሁሉ በቍጥር ይገባሉ፤ ትርጉሙን ግን አያናጉትም።

ትርጉሙን የሚነኩትን ደግሞ በስማቸው መጥራት ይገባል። የማርቆስ ወንጌል የመጨረሻው አሥራ ሁለት ቍጥር በቫቲካኑና በሲናው ጥራዝ የለም። በዮሐንስ ወንጌል ስምንተኛ ምዕራፍ መግቢያ ላይ ያለው የዚያች በዝሙት የተከሰሰች ሴት ታሪክ በጥንታዊዎቹ የግሪክ ቅጂዎች አይገኝም። በአንደኛ ዮሐንስ መልእክት አምስተኛ ምዕራፍ ስለ ሦስቱ የሰማይ ምስክሮች የሚናገረው ሐረግ ከላቲን ወገን የመጣ ነው፤ ኤራስመስ በ1516ና በ1519 ባሳተመው የግሪክ ሐዲስ ኪዳን ውስጥ አላስገባውም፤ በ1522 ከተጨቀጨቀ በኋላ አስገባው፤ ከዚያ በእንግሊዝኛው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ታወቀ። የግዕዙ ጥንታዊ ንባብ ሐረጉን አያውቀውም። የሥላሴን ትምህርት ከማንም በላይ አጥብቃ የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን ይህን ጥቅስ ሳትይዝ ኖራለች፤ ትምህርቷም በእርሱ ላይ አልቆመም። ጥቅሱ ሲነሣ እምነቱ የፈረሰ ለሚመስለው ሰው ይህን ማወቅ ብዙ ያረጋጋዋል።

የማርቆስን መጨረሻ በተመለከተ የግዕዝ ብራናዎች ያዩት ነገር ትምህርት አለው። በ19ኛው መቶ ዘመን ጥቂት የግዕዝ ቅጂዎች ያንን ክፍል እንደሌላቸው ተጻፈ። ያው አባባል ሳይመረመር ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ተላለፈ። በ20ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ብሩስ መትዝገር ቅጂዎቹን ራሳቸውን እየገለጠ ሲያይ ተጎደለ የተባለው ክፍል በቦታው ነበር። ስሕተቱ የኢትዮጵያዊው ጸሐፊ ሳይሆን ዘገባውን የጻፉት የአውሮፓ ሊቃውንት ነበር። ስለ ብራና የሚነገርን ነገር፣ ይደግፈንም ይቃወመንም፣ ብራናው ጋ ሄዶ ማየት ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሰባው ሊቃናት እና የተሳሳተ ክስ

የግዕዝ ብሉይ ኪዳን መሠረቱ በእስክንድርያ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የተተረጎመው የሰባው ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ነው። ይህ ትርጉም በብዙ ቦታ ከዛሬው ዕብራይስጥ ስለሚለይ ለረጅም ዘመን «ተርጓሚዎቹ አሳጠሩ፣ ጨመሩ፣ አጠማዘዙ» ሲባል ኖሯል። ትልቁ ማስረጃ ትንቢተ ኤርምያስ ነበር፤ ግሪኩ ከዕብራይስጡ ወደ ስምንተኛ እጅ ያህል ያጥራል፣ የምዕራፎቹም ተራ ይለያል። ከኩምራን አራተኛ ዋሻ ግን አጭሩን ኤርምያስ የሚከተል የዕብራይስጥ ቍራጭ ወጣ። ለካ ተርጓሚዎቹ አላሳጠሩም፤ በፊታቸው የነበረው ዕብራይስጥ አጭር ነበር። በኦሪት ዘዳግም ሠላሳ ሁለተኛ ምዕራፍም እንዲሁ። እግዚአብሔር የአሕዛብን ወሰን የለየው በእስራኤል ልጆች ቍጥር ነው ይላል የተለመደው ዕብራይስጥ፤ ሰባው ሊቃናት ግን መላእክትን ያነሣል። የኩምራኑ ዕብራይስጥ የእግዚአብሔር ልጆች ብሎ ተገኘ፤ ግሪኩ ከየት እንደመጣ ታወቀ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ተርጓሚን በመበረዝ ከመክሰስ በፊት የተረጎመበትን ቅጂ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ለእኛ ለአማኞች ይከብዳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ባሉት መቶ ዓመታት የአንዳንድ መጻሕፍት ንባብ ከአንድ በላይ መልክ ነበረው፤ በአንዲት በረሃ፣ በአንድ ማኅበር እጅ ሳይቀር ጎን ለጎን ይነበብ ነበር። ይህን መካድ አይቻልም፤ መፍራትም አያስፈልግም። ሐዋርያት ራሳቸው ያደጉት በዚያ ዓለም ነው፤ ብሉይን ሲጠቅሱ ብዙ ጊዜ የጠቀሱት የግሪኩን ትርጉም ነው። ትርጉምን እንደ ቃለ እግዚአብሔር መቀበል ኋላ የመጣ መላላት አልነበረም፤ ከመጀመሪያው ትውልድ ጋር የነበረ ልማድ ነው።

የቤተ እስራኤል ወገኖቻችንም ለዚህ ምስክር ናቸው። ዕብራይስጥ በማያውቁበት በእነዚያ መቶ ዓመታት ሁሉ ኦሪትን በግዕዝ አነበቡ፣ በግዕዝ ጸለዩ፣ ሰንበትን በግዕዙ ኦሪት ጠበቁ። እስራኤል ሲገቡ ዕብራይስጡን አገኙት፤ ቄሶቻቸው ግን ግዕዙን ኦሪት አልጣሉም። የሙሴ ሕግ በትርጉም ደርሷቸው ማንነታቸውን ጠብቆ አቆይቷቸዋል።

ከካይሮ እስከ ቤተ መንግሥት

አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የትርጉም ትርጉም ነው የሚለው ክስ ስለ መጀመሪያው አማርኛ ሲሆን እውነት አለው። ታሪኩ የሚጀምረው ከኢትዮጵያ ውጭ፣ በካይሮ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም የነበረው ዣን ሉዊ አስለን ደ ሼርቪል አቡ ሩሚ የተባለ ሽማግሌ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ አገኘ። አቡ ሩሚ ኢየሩሳሌምን ያየ፣ እስከ ሕንድ የተጓዘ፣ ብዙ ያነበበ ሰው ነበር። ሁለቱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በራቸውን ዘግተው ለዐሥር ዓመት ያህል ሠሩ። አስለን ራሱ እንደጻፈው፣ የዓረብኛውን ትርጉም ቍጥር በቍጥር በዝግታ ያነቡ ነበር፤ አስቸጋሪ ቃል ሲገጥም ከዕብራይስጡ፣ ከሶርያው ወይም ከሰባው ሊቃናት እያየ ያስረዳዋል፤ አቡ ሩሚ ወደ አማርኛ ያወጣዋል። ሥራው ሲያልቅ ከዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ገጽ በላይ የእጅ ጽሑፍ ሆነ። አቡ ሩሚ ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ ተመለሰና በ1819 በካይሮ በወረርሽኝ ሞተ፤ ሥራውን ታትሞ አላየውም።

የእጅ ጽሑፉን በ1820 ዊልያም ጆዌት ለብሪታኒያ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። ቶማስ ፔል ፕላት አዘጋጅቶት አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተመ። አቡ ሩሚ በኢትዮጵያ ታሪክ ከሚገባው ቦታ እጅግ ያነሰ ቦታ እንዳለው ይሰማኛል። ዛሬ አማርኛ የሚያነብ ክርስቲያን ሁሉ፣ ኦርቶዶክስም ፕሮቴስታንትም ካቶሊክም፣ ለዚህ መነኩሴ ባለዕዳ ነው።

ያ ትርጉም ዋና መነሻው ዓረብኛ መሆኑ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ከክሱ ጋር ተቃራኒ ነው። ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በኢትዮጵያውያን እየተረዳ አርሞ እንደገና አሳተመው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ የአገር ሊቃውንት ግዕዙን ከነአማርኛው አዘጋጁ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ በዕብራይስጥና በግሪክ የተመሳከረ አዲስ ትርጉም ተሠርቶ በ1954 ዓ.ም. ታተመ። ብዙዎቻችን ጥቅስ በቃላችን የያዝነው ከዚህ ነው። በ1980 ዓ.ም. ሌላ ትርጉም ወጣ፤ በ1993 ዓ.ም. አዲሱ መደበኛ ትርጉም ተከተለ። ጉዞው ወደ ምንጩ እየቀረበ እንጂ እየራቀ አልሄደም። ከ1954ቱ ጀምሮ የወጡት ትርጉሞች የፊተኛውን ትርጉም አልተረጎሙም፤ ወደ ዕብራይስጡና ወደ ግሪኩ ተመለሱ። የወሬው ምሳሌ እዚህ ላይ ፈጽሞ ይፈርሳል፤ አዲሱ ተርጓሚ ከፊተኛው ተርጓሚ አፍ አይሰማም፣ ራሱ ጥንታዊውን ጽሑፍ ገልጦ ያነባል።

ግዕዙም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌላት ለረጅም ጊዜ ወደ 11ኛው መቶ ዘመን ሲገመቱ ኖረው፣ በኦክስፎርድ በተደረገ የካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተጻፉ መሆናቸው ታየ። ሆላንዳዊው ሮኩስ ዙርሞንድ የግዕዝ ማርቆስንና ማቴዎስን ቅጂዎች ሲያመሳክር፣ ጥንታዊው ንባብ በቀጥታ ከግሪክ እንደመጣ፣ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ደግሞ በዓረብኛ ወንጌል እየታረመ የተለወጠ ወገን እንዳለ አሳየ። የዚህን እርማት ዘመን ከ14ኛው መቶ ዘመኑ ሊቀ ጳጳስ፣ መተርጉም ከተባሉት ከአቡነ ሰላማ ጋር የሚያያይዙ አሉ። ንባቡ ተለውጧል ወይ? አዎ፣ ተለውጧል። የት የት እንደተለወጠ ማወቅ ይቻላል ወይ? የገሪማው ወንጌል በገዳሙ እስካለ ድረስ ይቻላል።

ሊቃውንቱ ይህን ያውቁ ነበር

የሚያሳዝነኝ ይህ ውይይት ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር መስሎ ሲቀርብ ነው። በትርጓሜ ቤት የዋለ ሰው ያውቀዋል። የአንድምታ መምህር አንዱን ንባብ «አንድም» እያለ በብዙ መንገድ ይፈታዋል፤ በሌላ ቅጂ ሌላ ንባብ ሲገኝም ያን አይደብቅም፤ ይጠቅሰዋል፣ ይተረጉመዋል፣ ሁለቱን ያስታርቃል ወይም አንዱን ያበልጣል። ይህን ትምህርት በጥልቀት ያጠናው እንግሊዛዊው ሮጀር ካውሊ በጽሑፎቹ ውስጥ ይህን ልማድ መዝግቦታል። የእኛ ሊቃውንት የንባብ ልዩነት መኖሩን አውቀው በእምነት ኖረዋል፤ ተማሪዎቻቸውንም ከነልዩነቱ አስተምረዋል። አንዲት ፊደል አልተነካችም የሚለው አነጋገር ከእነርሱ የወረስነው አይደለም።

ለዚህ ነው በስብከትና በክርክር መድረክ ላይ ያለውን መልስ የምቃወመው። ወጣቱ «ምንም አልተለወጠም» ተብሎ ያድጋል፤ አንድ ቀን በስልኩ ላይ የሲናውን ጥራዝ ምስል ያያል፣ የማርቆስን መጨረሻ ያጣዋል። ያን ጊዜ የሚጠረጥረው አሥራ ሁለቱን ቍጥር ብቻ አይደለም፤ የነገረውን ሰውና የተነገረውን ሁሉ ነው። እምነቱን ያናጋው ብራናው አይደለም፤ ያልተነገረው እውነት ነው። አዲሱን መደበኛ ትርጉም የመሰሉ የቅርብ እትሞች በእንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ማስታወሻ ያኖራሉ። ይህ ልማድ በሁሉም እትሞቻችን ሊገባ፣ በሰንበት ትምህርት ቤትና በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድንም ያለ ፍርሃት ሊነገር ይገባል።

ለከሳሹም ወገን የምለው አለኝ። መጽሐፉ በታማኝነት ደርሶናል ማለትና የያዘው መልእክት እውነት ነው ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በብራና ይመረመራል፤ ሁለተኛው በብራና አይፈታም። መልእክቱን አልቀበልም የማለት መብት የሁሉም ሰው ነው። ነገር ግን «ተበርዟል» ብሎ የሚነሣ ሰው የቱ ቍጥር፣ በየትኛው ቅጂ፣ በየትኛው ዘመን፣ ከምን ወደ ምን እንደተለወጠ ማሳየት ይጠበቅበታል። ይህን ሲያደርግ የሚያገኘው ከላይ የጠቀስናቸውን ዓይነት ቦታዎች ነው፤ እነርሱንም ያወቅናቸው ብራና በማመሳከር ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ አብዛኞቹም አማኞች የሆኑ ሰዎች ስለነገሩን ነው።

ይህ ሁሉ የሚቻለው ብራናው ሲኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ወደ ዘጠኝ ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍትን አንሥቷል፤ ፊልሞቹ በአሜሪካ በሚኒሶታ፣ በኮሌጅቪል ይገኛሉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በደርግ ዘመን በጥይት ተመተው ከወገባቸው በታች ሽባ ከሆኑ በኋላ፣ በዚያ ብዙ ዓመት ተቀምጠው ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹን አንድ በአንድ መዘገቡ፤ በ2021 ዐረፉ። በትግራይ ገዳማትና አድባራት ከሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ከ2009 ጀምሮ ብዙ ቅጂ በዲጂታል አንሥተዋል። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት በክልሉ ብራናዎች ተቃጥለዋል፣ ተዘርፈዋልም። አንድ ብራና በጠፋ ቍጥር አንድ ምስክር ይጠፋል፤ ሊቀርብ ይችል የነበረው መልስም አብሮት ይሄዳል።

ከግዕዝ ብሉይ ኪዳን መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬም የታወቁ ቅጂዎቻቸውን ሁሉ አመሳክሮ የያዘ እትም የላቸውም። ያሉትም እትሞች አብዛኞቹ የተሠሩት በኦክስፎርድ፣ በላይፕዚግ፣ በሉቨን ነው፤ ከአንዳንዶቹ ዕድሜ የተነሣ የተመሳከሩት ቅጂዎች በአውሮፓ የነበሩት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። በአብነት ትምህርት ቤት ንባቡን ከነዜማው የያዙ ተማሪዎች አሉን፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥንታዊ ጽሑፎችን የሚያጠና ክፍል አለን፤ የቅጂዎቹም ምስል በብዛት ተነሥቷል። አንዱን መጽሐፍ፣ ለምሳሌ ኤርምያስን፣ ይዞ የአብነት ትምህርት ቤቱንና የዩኒቨርሲቲውን ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ የሲኖዶስና የዩኒቨርሲቲ ውሳኔ የሚጠይቅ፣ ገንዘቡም ከአቅም በላይ ያልሆነ ሥራ ነው፤ መጀመር አለበት።